ጭብጡን ወይስ ታሪኩን? ልብ ወለድን ወደ ፊልም መመለስና ላስታ

ታላቅ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ይመለስ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው መጽሐፉ በሥዕል እንዲተረክልን ነው። ለየገጸ ባሕርያቱ ተዋናይ ይመረጣል፣ ምልልሱ እንዳለ ይገለበጣል፣ በቅሎውና ካባው ይሟላል። ፊልሙ ከታየ በኋላ የሚነሣው ክርክርም «መጽሐፉን ይመስላል ወይስ አይመስልም?» ከሚለው እምብዛም አያልፍም። ከዚህ ሌላ ሁለተኛ መንገድ አለ። እሱም የልብ ወለዱን ጭብጥ፣ ማለትም ደራሲው ስለ ሰውና ስለ ኅብረተሰብ ያነሣውን ዋና ጥያቄ ብቻ ወስዶ፣ በሌላ ቦታና በሌሎች ሰዎች ሕይወት ውስጥ አዲስ ታሪክ መሥራት ነው።

ሁለቱ መንገዶች በኪነ ጥበብም በሕግም ይለያያሉ። እኔ የሕግ ምሩቅ እንጂ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከላሊበላ የመጣ ጥያቄ ነው። የቱሪስቱ እግር ሲሳሳ የአስጎብኚነት እንጀራቸው የተቋረጠባቸው፣ ካሜራ ግን በእጃቸው ያለ ጥቂት ወጣቶች «ጋሼ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን ወደ ላስታ አምጥተን ብንሠራው ያስከስሰናል?» አሉኝ። ጥያቄው የሕግ መልስ አለው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ይሁንና ከሕጉ የሚቀድም አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ላስታ ልብ ወለድ ለምን ያስፈልገዋል?

ካሜራ በወሎ ምን ሲያይ ኖረ?

ላስታ ለካሜራ አዲስ አይደለም። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተቀረጹ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ገናን በላሊበላ ያከበረ ሰው፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በዓለቱ ጫፍ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ ያነሣውን ምስል በስልኩ ይዞ ይዞራል። በዚህ ዓይነቱ ምስል ውስጥ ዋናው ባለታሪክ ድንጋዩ ነው። ሰው የለም አይባልም፤ አለ። ነገር ግን ነጭ ለብሶ የሚያልፍ ነው። ስሙን፣ ክርክሩን፣ የሚፈራውንና የሚመኘውን አንሰማም።

ሁለተኛው የወሎ ምስል የረሃብ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ደግሞ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ማይክል ቡርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ከኮረም ያቀረቡት የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ።

እነዚህ ፊልሞች ውሸት አልነበሩም። አንደኛው ለዘውዱ መውደቅ መንገድ ጠረገ፤ ሌላኛው እህል አስጭኖ አመጣ። ሆኖም በሁለቱም ውስጥ የወሎ ሰው የሚደረግለት ወይም የሚደረግበት እንጂ ራሱ የሚያደርግ ሰው ሆኖ አይታይም። ልብ ወለድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በጥሩ ልብ ወለድ ውስጥ ድሃ ገበሬ ይከራከራል፣ ያፈቅራል፣ ይዋሻል፣ ይጸጸታል፣ እምቢ ይላል። ላስታ በስክሪን ላይ እስካሁን በበቂ ያላገኘው ይህንን ሰው ነው።

የፍቅር እስከ መቃብር ታሪክና ጭብጥ

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ጭምር ደረሰ። ከእኔ ትውልድ ብዙው ሰው መጽሐፉን ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ቀርቧል።

ታሪኩ የጎጃም ነው። በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው በዛብህ፣ ሊያስተምራት የገባላትን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ይወዳል። ነገሩ ሲታወቅ እሱ ይሰደዳል፤ እሷም መነኩሴ መስላ ትከተለዋለች፤ ስትደርስበት በሞት አፋፍ ላይ ነው። በመጨረሻም በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሣ በአንድ መቃብር ያርፋሉ።

ጭብጡስ ምንድን ነው? «ፍቅር ነዋ!» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ከፍቅሩ ጎን ለጎን ሌሎች ነገሮች አሉ። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ከተለመደው በላይ ግብር ሲጠይቁ ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላል። ሰብለ ወንጌል በአጥንት የሚመጥናት ባል እየተመረጠ ዕድሜዋ ይነጉዳል። ጉዱ ካሣ የራሱን ዘመዶች ሥርዓት ፊት ለፊት ስለሚተች እንደ እብድ ይቆጠራል። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዛቸው አንድ ጥያቄ ይመስለኛል፦ ልማድ ራሱ ሕግ ሲሆን፣ ልማዱን ማን ይዳኘዋል? ደራሲው ይህንን የዳኝነት ነገር በዚህ ብቻ አልተዉትም። በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለዳቸው ርእስ «ወንጀለኛው ዳኛ» ነው።

እንግዲህ አንድ ፊልም የፍቅረኞቹን እንባ ይዞ የባላገሩን እምቢታ ከተወው፣ መልኩ መጽሐፉን ቢመስልም ጭብጡን ጥሎታል። በአንጻሩ በዛብህ የሚባል ሰው የሌለበት፣ ጎጃም የማይነሣበት ፊልም ያንን የዳኝነት ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሊሸከም ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የድርሰት ባለቤትነት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ተደንግጎ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ለፊልም ሠሪ የሚጠቅሙት ዋና ዋና ነጥቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ በአንቀጽ 5 መሠረት ሐሳብ እንደ ሐሳብነቱ ጥበቃ የለውም። ልማድ ፍቅርን ሊገድል ይችላል የሚለው ሐሳብ የማንም ርስት አይደለም። ሕጉ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ ነው፤ ይኸውም ገጸ ባሕርያቱ የተቀረጹበት አኳኋን፣ የድርጊቱ ቅንብር፣ ምልልሱና ትረካው ነው።

ሁለተኛ፣ በአንቀጽ 7 ከተዘረዘሩት የኢኮኖሚ መብቶች መካከል ሥራውን የመተርጎምና ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ መብት ይገኝበታል። መጽሐፍን ፊልም ማድረግ ከዚህ ውስጥ ይወድቃል። ቦታውን ከጎጃም ወደ ላስታ ማዛወር ወይም የሰዎቹን ስም መቀየር ብቻውን ከፈቃድ አያድንም። ታሪኩ ያው ከሆነ ያው ነው።

ሦስተኛ፣ በአንቀጽ 8 የሞራል መብት አለ። ደራሲው በስሙ መጠራቱና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ አለመጣመሙ የተጠበቀ ነው። ገንዘብ የከፈለ ሰውም ይህንን ማክበር አለበት።

አራተኛው የዘመን ጉዳይ ነው። በአንቀጽ 20 መሠረት የኢኮኖሚው መብት ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በኅዳር 1996 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» መብት እስከ 2046 ዓ.ም. ባለቤት አለው ማለት ነው።

ስለዚህ ለላሊበላዎቹ ልጆች የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ጭብጡን ብትወስዱ ማንም አይከሳችሁም፤ ታሪኩን የምትወስዱ ከሆነ ግን ካሜራ ከማንሣታችሁ በፊት ከባለመብቱ ጋር ውላችሁን በጽሑፍ ጨርሱ። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር እንደ ማሳ ወሰን በድንጋይ አልተከለለም። ክርክር ሲነሣ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

ልብ ወለድ ትቶ እውነተኛ ታሪክ መውሰድም ከክርክር ነጻ አያወጣም። ጠለፋን በሚመለከት በታወቀ የፍርድ ቤት ጉዳይ ላይ የተመሠረተው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ እንደነበር እናስታውሳለን።

ሌሎች እንዴት ሠሩት?

ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ሁለቱንም መንገዶች ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1951 የዶስቶየቭስኪን «ኢዲየት» ከሩሲያ ወደ በረዷማው የሆካይዶ ደሴት አምጥቶ ሠራው። ለመጽሐፉ በጣም ታማኝ ለመሆን በመፈለጉ የመጀመሪያው ቅጂ ከአራት ሰዓት በላይ ሆነና ስቱዲዮው ቆረጠው። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ወስዶ፣ የእንግሊዝኛውን ስንኝ ሁሉ ትቶ፣ በጃፓን የጦር አበጋዞች ዘመን አዲስ ታሪክ ሠራበት። ከተውኔቱ የቀረው የሥልጣን ጥማትና የጸጸት ጭብጥ ሲሆን፣ ፊልሙ ዛሬም ከኩሮሳዋ ምርጥ ሥራዎች አንዱ ተብሎ ይጠራል።

ሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ እ.ኤ.አ. በ1955 «ፓተር ፓንቻሊ»ን ሲያወጣ መሠረቱ የቢቡቲቡሻን ባንዶፓድያይ ልብ ወለድ ነበር። ቀረጻው በካልካታ አቅራቢያ ባለች ድሃ መንደር፣ በአብዛኛው ፊልም ሠርተው በማያውቁ ሰዎች ተከናወነ። ገንዘብ አልቆበት ሥራው ሲቆም የቤንጋል ግዛት መንግሥት ረዳው፤ የፊልሙ ርእስ ስለ መንገድ ስለሚያወራ ገንዘቡ የተመዘገበው በመንገድ ማሻሻያ ስም ነበር ይባላል። ሴኔጋላዊው ሴምቤን ኡስማን ደግሞ በፈረንሳይኛ የሚጽፋቸውን ልብ ወለዶች ሕዝቡ እንደማያነባቸው ስላየ ወደ ሲኒማ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1968 የራሱን አጭር ልብ ወለድ «ማንዳቢ» ብሎ በወሎፍ ቋንቋ ቀረጸው።

ከእኛው አገር ለጭብጥ ዝምድና የምጠቅሰው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ አብዮቱ በሚፈነዳበት ሰሞን ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። በፊልሙ ውስጥ መሬቱን የተነጠቀና እብድ የተባለ ከበበ የሚሉት ሰው አለ፤ ባለመሬቱን ፊት ለፊት የሚናገረው እሱ ነው። አንዱ የአንዱ ቅጂ ነው የሚል የለም። ነገር ግን ከበበን ያየ ተመልካች ጉዱ ካሣን ማስታወሱ አይቀርም። እውነቱን የሚናገረው ሰው እብድ የሚባልበት ኅብረተሰብ የሁለቱም የጋራ ጭብጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጭብጥ አሥር ደራሲ ቢወስደው አያልቅም።

ጭብጡ ላስታ ላይ ሲተከል

የመጀመሪያው ውሳኔ ዘመኑ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ ወዲህ ግብር የሚያስገብር ፊታውራሪ የለም። ፊልሙ በድሮው ዘመን ቢሠራ ተመልካቹ «ያ ድሮ ቀረ» ብሎ ተረጋግቶ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ወደ ዛሬ ከመጣ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ ማን ይሁኑ? የቀበሌ ሊቀ መንበር አድርጎ ማቅረብ ቀላሉና ሰነፉ መልስ ነው። ፊታውራሪው ክፉ ብቻ አይደሉም፤ ክብራቸው እንዳይነካ የሚፈሩ ሰው ናቸው። የዛሬው ፊታውራሪ በሴፍቲኔት ዝርዝር ማን ይግባ የሚለው ሲወሰን የሚሰማ ሰው ሊሆን ይችላል። ልጁን ለማን እንደሚድር ወይም ወደ ዓረብ አገር ይላካት እንደሆነ ብቻውን የሚወስን፣ በመንደሩ የተከበረ አባትም ሊሆን ይችላል።

ስለቱ ግን ብዙ መለወጥ አያስፈልገውም። በላስታ ደብሮች ዛሬም የቆሎ ተማሪ አለ። እናቱ የተሳለችለት ልጅ የእናቱን ቃልና የራሱን ልብ አስታርቆ እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄ እዚያ አልሞተም።

ሁለተኛው የመልክዓ ምድሩ ጉዳይ ነው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ለፖስት ካርድ የተፈጠረ ይመስላል። በጭብጥ ለሚሠራ ፊልም ግን ተራራው ጌጥ መሆን የለበትም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የመሬት ክርክሯን ይዛ ወረዳ ፍርድ ቤት ለመድረስ ሌሊት ተነሥታ የምትወርደው ቁልቁለት፣ ቀጠሮው ተለውጦ ስትመለስ የምትወጣው ዳገት፣ ስለ ፍትሕ ከአሥር ገጽ ምልልስ ይበልጥ ይናገራል። ደራሲው በቃላት ያብራሩትን ካሜራው በእግር መንገድ ያሳየዋል። ጭብጥን ወደ ስክሪን መመለስ ማለት በአጭሩ ይህ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። በመጽሐፍ ላይ ቅኔና ሰምና ወርቅ አንባቢው ቆም ብሎ ደግሞ ሊያነበው ይችላል። በስክሪን ላይ ግን አንድ ጊዜ ተነግሮ ያልፋል። ስለዚህ ወርቁ በተዋናዩ ፊትና በአድማጩ ዝምታ ውስጥ መታየት አለበት። የላስታ ገበሬ በአዲስ አበባ ቴአትር ቤት አማርኛ ከተናገረ ሰውየው ከላስታ መሆኑን የሚነግረን ጋቢው ብቻ ይሆናል።

አራተኛው መቁረጥ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተካቦ አልታነጹም፤ ከዓለቱ ትርፉ እየተፈለፈለ ወጥቶ የቀረው ነው ቤተ መቅደስ የሆነው። ብዙ መቶ ገጽ ያለው ልብ ወለድም በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ የሚገባው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። ምን እንደሚወጣ የሚወስነውም ጭብጡ ነው፤ ጥያቄውን የማይሸከም ትዕይንት ምንም ያህል ቢያምር ይወጣል።

አምስተኛውና ከባዱ የቅርቡ ታሪክ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያይራለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቷል። ማን ይዳኘናል የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ሰው አፍ ላይ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። ፊልም ሠሪው ይህንን እንዳላየ ማለፍ አይችልም፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ገበያ ማውጣትም አይገባውም። የታወቀ ልብ ወለድ ጭብጥ እዚህ ላይ ይረዳል። ሰው በቀጥታ ሊናገረው የሚከብደውን ነገር በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ሊሰማው ይችላል።

የትኛውን መጽሐፍ?

«ፍቅር እስከ መቃብር» ብቸኛው ምርጫ አይደለም። ወሎን ራሷን የሚመለከት ልብ ወለድ የፈለገ ሰው የብርሃኑ ዘርይሁንን «ማዕበል» ያንብብ። በ1970ዎቹ በተከታታይ የወጣው ይህ ሥራ ከወሎ ረሃብ ተነሥቶ ወደ አብዮቱ የሚያመራ ነው። ከዲምብልቢ ካሜራ ጋር አንድ ዘመን ላይ ቆሞ በሌላ ዓይን ያያል። ደራሲው ያረፉት በ1979 ዓ.ም. ስለሆነ መብቱ እስከ 2029 ዓ.ም. የተጠበቀ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ገንዘብ የሌለው ወጣት ደግሞ ወደ ቀደሙት ይሂድ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ «ጦቢያ» በሚል ስም የምናውቀው ልብ ወለድ፣ ወንድሟን ፍለጋ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጅ ታሪክ አለበት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያወጡት «ሐዲስ ዓለም» ደግሞ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከአገሩ ልማድ ጋር የሚያደርገውን ትግል ይተርካል። ሁለቱም ደራስያን ካረፉ ከ70 ዓመት በላይ ስለሆነ የኢኮኖሚ መብታቸው ዘመን አልፏል። ስማቸውን መጥቀስ ግን ጨዋነት ነው።

ከመጽሐፍ ወደ ፊልም ለሚሄድ ሰው የምመክረው የመጀመሪያ ሥራ ስክሪፕት መጻፍ አይደለም። የመጽሐፉን ጭብጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በጥያቄ መልክ ይጻፈው። ከዚያ ያንን ጥያቄ ይዞ ወደ ቡግናም ይሁን ወደ ብልባላ ይውጣ፤ የመጽሐፉን ስም ሳያነሣ ለአንድ ገበሬ፣ ለአንዲት እናት፣ ለአንድ የቆሎ ተማሪ ያቅርበው። ሰዎቹ ትከሻቸውን ነቅንቀው ካለፉት ጭብጡ ለዚያ አገር አልሆነም፤ ሌላ መጽሐፍ ይፈልግ። እርስ በርሳቸው መከራከር ከጀመሩ ግን ፊልሙ ተገኝቷል። የሚቀረው ተቀምጦ ማዳመጥ ነው።